ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ ተሳቢ

መሳብ ከባድ ነው ይላሉ። አይደለም። ሞተር ያለው ሁሉ ይስባል፤ በሬም ይስባል፤ ፈረስም ይስባል። ከባዱ ማቆም ነው። ከኋላችሁ አስራችሁ ያመጣችሁት ነገር እናንተ ስትቆሙ እሱም መቆም እንዳለበት ማን ይነግረዋል? የፒካፕ ማስታወቂያ ሁሉ ዳገት ያሳያል፤ ሙዚቃው ራሱ ዳገት ዳገት ይላል። ቁልቁለት የሚያሳይ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

ሌላም የማልቀበለው አባባል አለ፤ ለቤተሰቡ የሚያስተረጉም የስደተኛ ልጅ ልጅነቱን ይነጠቃል የሚባለው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹ በሙሉ ያለቅሳሉ። እኔ አላለቀስኩም። በአሥራ አንድ ዓመቴ ሁለት ሽማግሌዎችን መሐል መንገድ ላይ አቁሜ አፌን እንዲያዩ የማድረግ ሥልጣን ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠኝ የለም። እንዴት እንደተጠቀምኩበት ስታነቡ፣ ባይሰጣት ይሻል ነበር ትሉ ይሆናል።

ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። በቀደም ዳውንታውን ዴንቨር፣ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ሥር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ለማያውቀው፣ የበግ ቀንድ እሳት ሲነካው የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የጋለ ብረት አለበት። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ አለፈ። እኔ ቆሜ ሳብኩት።

ጋሽ መኩሪያ የእናቴ አጎት ናቸው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አውሮራ ውስጥ ከኢስት ኮልፋክስ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ የተከራየነው ቤት ነበር፤ እሳቸው ቤዝመንቱን፣ እኔና እናቴ ላዩን ይዘናል። አባቴ በሌላ ታሪክ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆይ። ጋሽ መኩሪያ አገር ቤት ሳሉ በአሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። አምስተኛ መንጃ ፈቃዳቸውን በፕላስቲክ ለብጠው ቦርሳቸው ውስጥ ከኮሎራዶው ፊት ለፊት ያስቀምጡታል፤ ቦርሳውን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ማንን እንደሚያገኝ እንዲያውቅ ይመስለኛል። ዴንቨር ለአምስተኛ መንጃ ፈቃድ የሰጠችው ሥራ ደግሞ፣ ፓርኪንግ ሥር የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ መጠበቅ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደዚያ የመስታወት ክፍል ይዘውኝ ሄዱ። ያየሁትን ጥንቆላ ለሳምንታት ለጓደኞቼ አወራሁ። መኪናው ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል ጋሽ መኩሪያ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። «ይሄ ጠበቃው ነው፤ የሞተሩ ቺንጋ ይጮኻል» ይላሉ፤ እውነትም ጠበቃው ይመጣል። «ይቺ የሦስተኛ ፎቋ ናት፤ ማርሿን በደንብ አታስገባም።» እሷም ትመጣለች። የድሮ ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ስጦታ አላቸው ብዬ አመንኩ። ለምን በዓይናቸው እንደማያዩ ልጠይቅ አልመጣልኝም። ጠንቋይን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም።

ፒካፓቸው አረንጓዴ ነበረች ይባላል። እኔ ሳውቃት ቀለሟ የደረቀ ጎመን ሆኖ ነበር። ባለ ማርሽ ናት፤ ወንበሯ አንድ ረጅም አግዳሚ፤ የመስኮቱ መዘውር እጅ ላይ ይቀራል። እኔ ከጎናቸው ስቀመጥ ሥራ አለኝ፤ ማንበብ። «አንብቢ» ይላሉ፤ አነባለሁ። የመንገዱን ስም፣ የፍጥነት ወሰኑን፣ ግራ መታጠፍ ክልክል ነው የሚለውን። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው ብዬ አምኛለሁ። ሳነብ «ጎሽ!» ይላሉ። ጎሽ እንስሳ መሆኑን ከቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ሥዕል ላይ አውቃለሁ፤ ምስጋና መሆኑን ግን የነገረኝ ስላልነበረ፣ ባነበብኩ ቁጥር ለምን በእንስሳ እንደሚጠሩኝ እየገረመኝ ዝም እላለሁ። ትልቅ ሰው ምክንያት አለው።

አንድ ቀን ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ወደ አንድ ሱቅ ግድግዳ እየጠቆሙ «እስኪ ያንን አንብቢልኝ» አሉ። «የበርበሬና የሽሮ መሸጫ» ይላል። በአማርኛ የተጻፈ ነው። የቅዳሜ መምህራችን ልከዋቸው የሚፈትኑኝ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊደል ሳልስት አነበብኩት። ጎሽ ተባልኩ። ፈተናውን በማለፌ ቀኑን ሙሉ ኮራሁ።

ተሳቢው የመጣው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን ትተኛለች፤ መተኛት የምትለው ግን አንድ ጆሮዋን ለእኔ ትታ ነው። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ዕረፍት ወስዳ አታውቅም። ያን ፀደይ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጋሽ መኩሪያ ከቤዝመንት ሲወጡ ተደናቀፉባት። ከሳምንት በኋላ፣ እናቴ በነሐሴ አንድ ሳምንት ኦፍ እንድትጠይቅ፣ እሳቸው ቤት ከነአልጋው አስረው ተራራ ላይ ሐይቅ ዳር እንደሚያደርሷት ተናገሩ። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀች። ከዚያ፣ ማናችንም ባልጠበቅነው ሁኔታ፣ ፈቀዱላት።

ባለ አልጋውን ተሳቢ የሸጠልን ሴንቴኒያል የሚኖር፣ ሱሪውን በትከሻው ማንገቻ የያዘ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ጉልበቱ ስለታመመ ነው የሚሸጠው። እነሱ ጎማ እየመቱ ሲዞሩ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ስለዚያ ውስጥ ምን ልበል? ቤት ሆኖ ቤት ያልሆነ ነገር ነበር። ጠረጴዛው ሲወርድ አልጋ ይሆናል። ወንበሩ ሲከፈት ሣጥን ይሆናል። ምድጃ አለው፤ ሁለት ዓይን ብቻ። ቁም ሣጥኑ ለአንድ ቀጭን ሰው ኮት ነው የተሠራው። የቆየ ብስኩትና ፀሐይ የበላው መጋረጃ ይሸታል። መጨረሻው ላይ፣ ከትራስ በላይ፣ የእጄን ስንዝር ሁለት የምታህል መስኮት ነበረች። ተጋደምኩና ከታች ወደ ላይ አየሁ፤ ሰማይ ብቻ። ይህች መስኮት የእኔ ናት አልኩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ስትፈርዱ፣ መስኮቷን አስቀድሜ እንዳየኋት አስታውሱልኝ።

ስወጣ ሽማግሌው ፈረንጅ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ ይጠብቃል። ከፊት ያለውን፣ መኪናው ላይ የሚጫነውን የተሳቢውን ክፍል እነሱ ምላስ ይሉታል። ፒካፓችን ምን ያህል የምላስ ክብደት እንደምትችል ነበር የጠየቀው። እኔም ቃል በቃል አስተላለፍኩ፦ «ጋሼ፣ የምላስዎ ክብደት ስንት ነው ይላል።»

ጋሽ መኩሪያ አልተገረሙም። «ከባድ ነው በይው» አሉ። «ባይከብድማ አንቺን ለምን አመጣሁ?»

ሰውየው የጋሽ መኩሪያን ሳቅ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ግን ፒካፓችንን ዞሮ አየ፤ ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራዋን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ግማሽ ቶን ናት አይደል አለኝ። እሱን በትክክል ተረጎምኩ፤ ጋሽ መኩሪያም ቅር አላቸው። ግማሽ ቶን አምስት ኩንታል ነው። አምስት ኩንታልማ ጋሪም ይጭናል። ሁለት መቶ ኩንታል ይዘው የሠርዶን በረሃ ላቋረጡ ሰው ይህ ስድብ ነው። ወዲያው ግን መጽናኛ አገኙለት፤ ፈረንጅ አሥር የሚችለውን አምስት ይላል፣ እኛ ነን አምስት የሚችለውን አሥር የምንለው አሉ። ይህ ፍልስፍና ግማሽ እውነት እንዳለው በኋላ አንብቤ ደርሼበታለሁ፤ ሰው የሚገድለው ሁልጊዜ ያው ግማሹ ነው።

ቀጥሎ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። ስለ መጋረጃ ወይም ስለ ምድጃ አልጠየቁም። «ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው ወይ በይው» አሉ። ሹፌር ነበሩ።

ሰውየው ወደ እኔ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፣ ልጅ መሆኔን አስቦ፣ መለሰልኝ። ፍሬን አለው፤ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ያንን የምታዝዝ ከመሪው ሥር የምትገጠም ትንሽ ሣጥን አለች፤ ይህች መኪና የላትም፤ ማስገጠም አለባችሁ። ሜዳ ላይ ችግር የለም፤ ተራራ ላይ ግን በዚህ መኪና አትውጡ፤ ለአያትሽ ንገሪያቸው። «ማውንቴን» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አላት።

ጋሽ መኩሪያ አፌን ያዩኛል። ሰውየው አፌን ያየኛል። ከኋላዬ መስኮቷ አለች።

«አለው» አልኩ። «ሜዳ ላይ ችግር የለም ይላል።»

ውሸት አልነበረም። ከተናገረው ግማሹን ብቻ ጫንኩ፤ ግማሽ ቶን። ጋሽ መኩሪያ አፌን እንደገና አዩ። ከዚያ ከሰውየው ጋር ተጨባበጡ።

ወደ አውሮራ ስንመለስ በመጀመሪያው መብራት ላይ ሲቆሙ ተሳቢው ከኋላ ደፋ አደረገን። «ይገፋል» አሉ። ቆሞ ስለከረመ ፍሬኑ ዝጎ ይሆናል፤ እየሠራ ይፈታል አሉ። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዙሬ አነበብኩ፤ የሃቫና መንገድን ታፔላ አንድ ሳላስቀር።

ያ ክረምት፣ ፈረንጅ በጋ የሚለው፣ ያለፈው በመማር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተዘግቶ የቀረ አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ወዳለው ባዶ ፓርኪንግ እንሄዳለን። እኔ ረዳት ነኝ። ረዳት ማለት ታኮ የሚያስገባ ሰው ማለት ነው፤ መኪናው ሲቆም ከጎማው ሥር እንጨት ሸጉጦ፣ ሲነሳ ነጥቆ የሚሮጥ። ታኮዎቼ ሁለት ነበሩ፤ ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ጠርበው የሠሯቸው። ሌሎች ልጆች ያን ዓመት ምን እንደሠሩ አላውቅም። እኔ ታኮ ነበረኝ።

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ወደ ግራ ለማስገባት መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ ጠየቅኩ። ጋሽ መኩሪያ ከመልስ ይልቅ ምሳሌ ይወዳሉ። ያን ሰሞን ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሰዋስው ጀምረን ነበር፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ። ደብተሬን ሳሳያቸው ደስ አላቸው። ሰዋስው የፈለሰፈው ሹፌር መሆን አለበት አሉ። ፒካፗን በመዳፋቸው መቱና «ይህ ባለቤት» አሉ፤ የተሳቢውን ግድግዳ መቱና «ይኸው ተሳቢ» አሉ፤ ጎንበስ ብለው ሁለቱን የሚያገናኘውን ብረት በጣታቸው እየዳሰሱ «ማሰሪያው ይህ ነው» አሉ። «ማሰሪያ የሌለው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል።»

ብዙ አሰብኩበት። ከዚያ ስህተት አገኘሁ። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው፤ እኔ ዳቦ በላሁ። የእኛ መኪና ግን ማሰሪያው መሐል ነው፤ ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ ተሳቢ። ይህ እንግሊዝኛ ነው! ፒካፓችን በእንግሊዝኛ ነው የምትስበው! ግኝቴን ለቅዳሜው መምህር ነገርኩ፤ መምህሩ ረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ እናቴን በቂ እንቅልፍ እንደማገኝ ጠየቋት። ጋሽ መኩሪያ ግን በጣም ሳቁ፤ ለዚህ ነዋ የምትገፋኝ አሉ፤ ቋንቋዋ ሌላ ነው።

ሌሎች ነገሮችም አይ ነበር፤ የማየው ግን የሹፌር ወግ መስሎኝ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ይገባሉ፤ ጨዋ ሹፌር እንዲህ ነው አሉኝ። መንጃ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ የመጣውን ደብዳቤ ሳይከፍቱት ከመዝሙረ ዳዊታቸው ሥር አስቀመጡት፤ እንዲባረክ ይሆናል አልኩ። ዳዊቱን ራሱ አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠግተው ይደግማሉ፤ እያሸተቱት ይሆን ብዬ አንድ ቀን ተሰርቄ አሸተትኩት። ወረቀት ወረቀት ይላል።

የእናቴ ኦፍ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ጋሽ መኩሪያ ሙከራ ያስፈልገናል አሉ። እናቴ ከሥራ ገብታ ተኝታለች። እኔና እሳቸው ተሳቢውን አስረን በሰቨንቲ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወጣን፤ ጀኔሲ የሚባለው ተራራ ድረስ ወጥተን ልንመለስ። ዳገቱን ፒካፗ እንደ አስም በሽተኛ እየተነፈሰች፣ ግን ሳትቆም ወጣችው። እንዳልኩት ነው፤ መሳብ ቀላል ነው።

ላይ ስንደርስ፣ ከአጥር ወዲያ፣ ሣሩ ላይ ጥቋቁር ግዙፍ እንስሳት ቆመዋል። ሥዕሉን ስለማውቀው ጮህኩ፤ «ጋሼ፣ ጎሽ!»

«ምን አነበብኩና ነው?» አሉ።

ሳይታዩዋቸው እንደቀሩ አልገባኝም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ጎሽ ምስጋናም መሆኑን ያወቅኩት ግን በዚያ ነው፤ የሁለት ወር ቅሬታዬ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ዞርን። ከፊታችን መንገዱ ዝቅ አለ፤ ከሥር፣ በጣም ሩቅ፣ ዴንቨር ሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች። ከተማዋ ታየች አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ።

ከዚያ ተሳቢው መግፋት ጀመረ።

በመጀመሪያ እንደተለመደው ነበር፤ ደፋ፣ ደፋ። ጋሽ መኩሪያ ፍሬን ነካ እያደረጉ ይለቃሉ፤ ፍሬን እንደ ጋለ ነገር ነው የሚነካው ይሉ ነበር። ቁልቁለቱ ግን አላለቀም። ፒካፗ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በመስኮቱ ያ ሽታ ገባ፤ ቀንድና ብረት። ጋሽ መኩሪያ አፍንጫቸውን አነሱ። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሲወርድ አየሁ። በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ቢጫ ታፔላ መጣ።

«አንብቢ» አሉ።

በልቤ አነበብኩት።

«ምን ይላል?»

«የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ አትታለሉ ይላል። ቁልቁለቱ ገና ነው ይላል።»

«ማን ነው ደግሞ የሚያታልለኝ?» አሉ። እየቀለዱ ነበር።

«እኔ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሣጥኗን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ሜዳውን፣ ሁለቴ የተባለችውን ተራራ፤ መስኮቷን ጭምር። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ «አልነገርኩዎትም» ነበር።

«ስለዚህ ተሳቢው ፍሬን የለውም።»

«አለው ጋሼ። ግን አልታሰረም።»

አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ የሆነውን ዛሬም አየዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ከሰውነታቸው ላይ የወረደ መሰለ። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ከአራት ወደ ሦስት አወረዱት፤ ሞተሩ እንደ ተነካ በሬ ጮኸ። እንደገና፤ ከሦስት ወደ ሁለት። ሰውነቴ ወደ ፊት ሄዶ ቀበቶው ያዘኝ። የፍጥነት መርፌው ቀስ ብሎ፣ እየተለመነ፣ መውረድ ጀመረ።

«ማህሌት» አሉ። ረዳት አላሉኝም። «አሁን ከፊታችን ያለውን ሁሉ ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«አያዩትም?»

«ቢጫውን አየሁት። ጽሑፉን አላየሁም። ከኮፈኑ ትንሽ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው።»

ኮልፋክስ ላይ ያነበብኩላቸው ማስታወቂያ ያኔ ነው የገባኝ። በአማርኛ ነበር የተጻፈው።

ነገርኳቸው። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። አሁን ቀጥ አለ። ከፊታችን ቀይ መኪና አለ፣ ሩቅ ነው። አሁን ቀረበ። በቀኝ ማንም የለም። ነጩ መስመር ከእኔ በኩል ነው፤ ነካነው፤ ወጣን። መልስ አይሰጡም፤ እጃቸው ብቻ ይመልሳል። ቃሌ ከአፌ ወጥቶ ቀጥታ መሪው ላይ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ በፊት ማስተርጎም ማለት የሰውን ቃል መሸከም ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውየውን ራሱን ነው።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን መውጫ ነገርኳቸው፤ ሰዎች መኪናቸውን ትተው በአንድ መኪና አብረው ወደ ተራራ የሚወጡበት ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ገባን። ቆምን። ከፊት ጎማዎቻችን ጭስ ይወጣል። ታኮዎቼን ይዤ ወረድኩ፤ አንደኛውን ሁለት ጊዜ ሳትኩት።

የተሳቢው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ማውንቴን የምትለዋን ሰምቼ ነበር» አሉ። «ፈረንጁ ሁለቴ አላት። አንቺ አላልሻትም። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፤ ስለዚህ አልጠየቅኩሽም።»

ከዚያ ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ይህኛው ከዓይናቸው ይልቅ የከበዳቸው ይመስለኛል። የእንግሊዝኛ ፊደል ማንበብ የቻሉት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ አሰብ ወደብ ላይ፣ ከሣጥኖች ጀርባ። አንብቢልኝ ሲሉኝ የከረሙት ስለማያውቁ አልነበረም። ሐኪሙ ከዓመት በፊት አትንዳ ብሏቸዋል፤ ለሐኪሙ ያስተረጎመላቸው ደግሞ ማንም አልነበረም፤ አላስፈለጋቸውም፤ በደንብ ገብቷቸዋል። አንድ ጉዞ ብቻ ፈልገው ነው፤ እናቴን የሚያደርሱበት።

ስልኩን አውጥተው ለእናቴ ደወሉ። እናቴ፣ ከኮልፋክስ ወዲያ ጋራዥ ያለውን የሰበካችንን ሰው ይዛ፣ በእንቅልፍ ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባ መጣች። ጎማዎቹን አየች። አንድ በአንድ ነገርናት፤ እኔ የእኔን፣ እሳቸው የእሳቸውን፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ። ሰምታ ስትጨርስ እጇን ዘረጋችላቸው። ጋሽ መኩሪያ ቁልፉን ሰጧት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡ፤ የኮሎራዶውን። አምስተኛውን መልሰው ከተቱት።

«እናንተ ሁለታችሁ» አለች እናቴ፣ «እርስ በርሳችሁም አስተርጓሚ ያስፈልጋችኋል።»

ባለ ጋራዡ ተሳቢውን በራሱ ትልቅ መኪና አስሮ አውሮራ አደረሰልንና ጓሯችን ውስጥ አቆመው። ኦፉ ግን ተወስዷል፤ አይመለስም። ስለዚህ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ፣ የኩሽናውን በር ቆልፋ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ተጉዛ ተሳቢው ውስጥ ገባች። መስኮቷን ሰጠኋት። ጋሽ መኩሪያ ሁለት ታኮ ጨምረው ጠረቡና ከአራቱም ጎማ ሥር አስገቡ፤ በእጃቸው እየዳሰሱ። እናቴ ስድስት ቀን ተኛች። ሁለቱንም ጆሮዎቿን ይዛ ተኛች። በሩን የሚያንኳኳ እንዳይመጣ ጋሽ መኩሪያ ወንበር አውጥተው ደረጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ እየነገሩኝ። እንደ እሷ ሩቅ የሄደ ሰው አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ቤታችሁ ውስጥ «እስኪ ይህን አንብቢልኝ» የሚሉ ሽማግሌ ካሉ፣ አንብቡላቸው፤ ሙሉውን፣ የማያስደስታችሁን ጭምር። አንብባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ዘርጉ። ቁልፉን ተቀበሏቸው።